በሩፋኤል ዝናብ የታጠበ ወርቅ

ባለፈው ሳምንት ከአስኮ ወደ ጦር ኃይሎች በሚሄድ ታክሲ ውስጥ አንዲት ሴትዮ እንዶድ በፌስታል ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች። ፌስታሉ ቀዳዳ ነበረው መሰለኝ፣ ታክሲው ገና ሳይሞላ ማስነጠስ ጀመርኩ። ረዳቱ "ይማርሽ" አለ፣ ሴትዮዋም "ይማርሽ የኔ ልጅ" አለች፣ ከኋላ ያለ ጎረምሳ ግን "ኧረ መስኮት ክፈቱ!" ብሎ አጉረመረመ። እንዶድ እንዲህ ነው፤ ለነጠላ ወዳጅ፣ ለአፍንጫ ጠላት። እኔ ግን እያስነጠስኩም ደስ አለኝ። ቀራንዮ ያደግኩበት ግቢ፣ ያ ክረምት፣ ጋሼ ወልዴ ከዲማ ይዞት የመጣው ወርቅ አንድ ላይ ትዝ አሉኝ።

ጋሼ ወልዴ የአባቴ ታላቅ ወንድም ነው። ቤተሰባችን ከከፋ የመጣ ነው፤ አያቴ ማርና ኮረሪማ ሊሸጥ መጥቶ ነው አሉ ቀራንዮ ላይ የቀረው። ልጆቹ በአንድ ግቢ ሁለት ቤት ወረሱ፤ አንዱ የእኛ፣ ፊት ለፊቱ ያለው የጋሼ። በመሃል አንድ ቧንቧ፣ አንድ የሎሚ ዛፍ፣ ለአንድ ልጅ ከበቂ በላይ የሚሆን ጭቃ ነበር። ጋሼ ወርቅ ሊቆፍር ዲማ ሲሄድ እኔ ገና እድህ ነበር። ሚስቱ እትዬ አስካለ ከእናቷ ከእማማ ብርቄ ጋር ቀረች። እማማ ብርቄ ጋሼን "ልጄ" እንጂ "የልጄ ባል" ብለው አያውቁም ይባል ነበር። እሳቸው ያረፉት እኔ መዋዕለ ሕፃናት በገባሁበት ዓመት ነው። ከለቅሶው በደንብ የማስታውሰው ንፍሮውን ነው። ድንኳኑ ውስጥ እየዞርኩ ከሰው ሁሉ እጅ እየዘገንኩ ስበላ፣ ትልልቆቹ "ወልዴስ? ወልዴ አልመጣም?" ይባባሉ ነበር። አልመጣም።

የመጣው ሁለተኛ ክፍልን በጨረስኩበት ክረምት ነው። እትዬ አስካለ በረንዳዋ ላይ ምስር ትለቅማለች፣ እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ጠጠሩን እሰበስባለሁ። በሩ ተንኳኳና አንድ ጺሙ የረዘመ፣ ከራሱ እስከ እግሩ የራሰ ሰው ሻንጣ ይዞ ገባ። "አስኩ" አለ። እትዬ ቀና ብላ አየችው። ከዚያ ሰፌዱን አነሳች፣ ቤቷ ገባች፣ በሩን ዘጋች። እናቴ ናት ሮጣ ወጥታ "ጋሼ! እርስዎ ነዎት? ኧረ ይግቡ፣ ይግቡ!" ብላ ሻንጣውን የተቀበለችው። እኔ ደግሞ በጺሙ ምክንያት እትዬ ያላወቀችው መስሎኝ በሩን ደበደብኩ።

"እትዬ! ጋሼ ወልዴ ነው እኮ!"

"አውቀዋለሁ ሚጡ። ሂጂ ተጫወቺ።"

አባዬ ያን ማታ ሳሎናችን ውስጥ ፍራሽ አነጠፈለት። "ሁለት ቀን ቢሆን ነው፣ ትበርዳለች" አለ። እናቴ "ሆድ ይፍጀው" ብቻ ብላ ትራሱን አራገፈች። ፍራሹ ክረምቱን ሙሉ እዚያው ቆየ።

ወርቁን በማግስቱ አሳየን። ከደረት ኪሱ የመድኃኒት ብልቃጥ አወጣ፣ ከብልቃጡ ጥጥ፣ ከጥጡ ውስጥ ደግሞ ከባቄላ ፍሬ ከፍ የምትል ጎርባጣ ነገር። እናቴ መዳፍ ላይ አስቀመጣት። እኔ ወርቅ የማውቀው የእናቴን ጉትቻ ነው፤ ይህቺ ግን ያላጠቡት ዝንጅብል ነው የምትመስለው። ቡናማ ናት፣ ቦታ ቦታዋ ላይ ጠቁራለች፣ ስንጥቆቿ ውስጥ ጭቃ ደርቋል።

"ጋሼ፣ ሸውደውሃል" አልኩት። ከልቤ አዝኜለት ነበር።

እናቴ ጆሮዬን ልትይዝ እጇን ስትሰነዝር ጋሼ ሳቀ። በጥፍሩ ጫን ብሎ አንዱን ጠርዝ ጫረና ወደ መስኮቱ አዞረልኝ። ከቡናማው ሥር የጉትቻው ቀለም ብልጭ አለ። "ወርቅ አይዝግም ልጄ" አለኝ። "የዛገው አብሮት አፈር ውስጥ የኖረው ብረት ነው። ላዩ ላይ ተኝቶበት ነው እንጂ ውስጡ ምንም አልሆነም።" ከዚያ ወደ እናቴ ዞሮ "ለአስኩ ነው። እንደወጣ፣ ሳይቀልጥ፣ አንገቷ ላይ እንድታስረው" አላት።

ጠዋቱን ይዞት ወደ እትዬ በር ሄደ። እኔም ተከተልኩ። እትዬ በሩን በከፊል ከፍታ የተዘረጋውን እጁን አየች፤ አልነካችውም። "ወርቅ ላበደረ ጠጠር አለ ያገሬ ሰው!" አለችና ዘጋችው።

አሁን ሳስበው ያቺ ተረት ስለ እናቷ ነበረች። ያን ጊዜ ግን ለእኔ ነገሩ ግልጽ ነበር፤ እትዬ ጠጠር መስሏታል። እኔም መጀመሪያ ጠጠር መስሎኝ የለ! ስለዚህ ወርቁ ቢያበራ በሩ ይከፈታል፣ ጋሼ ከሳሎናችን ወጥቶ ቤቱ ይገባል። ይህንን ለጋሼ በዝርዝር አስረዳሁት። እስክጨርስ ሰማኝና "እንግዲያው እንጠበው" አለ። አምኖኝ ይሁን ሌላ የሚይዘው ነገር አጥቶ እንጃ።

ያ ክረምት ለእኔ የወርቅ እጥበት ክረምት ነው። ልጆች ቦይ ገድበው ይጫወታሉ፤ እኔ በረንዳችን ላይ ከጋሼ ፊት ለፊት ዱካ ላይ ተቀምጫለሁ። መጀመሪያ ለብ ባለ ውሃ ዘፈዘፈው፣ ጭቃው በራሱ እስኪለቅ። ከዚያ እናቴ እንዶድ ወቀጠችልን። እሷ ከጓዳ ታስነጥሳለች፣ እኛ ከበረንዳ እናስነጥሳለን፣ ከፊት ለፊት መጋረጃ በኩል ደግሞ ሌላ ሰው ሲያስነጥስ ይሰማል። ጋሼ እሷ ባስነጠሰች ቁጥር ቀስ ብሎ "ይማርሽ" ይላል።

ሥራው በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ነው። አረፋ እየነከሩ ማሸት፣ ማለቅለቅ፣ እንደገና ማሸት። ስንጥቆቹ ውስጥ ብሩሹ ስለማይገባ ጋሼ ከዛፉ የሎሚ እሾህ ቆርጦ ሰጠኝ፤ መርፌ ወርቁን ይጭረዋል፣ እሾህ ግን አይጎዳውም አለ። ውሃውን መድፋት ክልክል ነው። በነጭ ጨርቅ እናጠልለዋለን፣ ጨርቁ ላይ የቀረውን እናደርቃለን፣ ከዚያ ጋሼ ከተሰበረ ቴፕ ስፒከር ያወጣውን ማግኔት ከላይ ያስኬደዋል። ጥቁሩ አሸዋ ዘሎ ማግኔቱ ላይ ይለጠፋል። አንዳንዴ ጨርቁ ላይ ዓይን የማይሞላ ቢጫ ነገር ይቀራል፤ እሱን በምራቁ ባረጠባት ጣቱ አንስቶ ብልቃጥ ውስጥ ይከተዋል። ጥቁሩን አሸዋ ለእኔ ተወው። የወርቅ ዘር መሰለኝና የሎሚው ዛፍ ሥር ተከልኩት፤ ጠዋት ጠዋት ቡቃያ ፍለጋ እየሄድኩ አየው ነበር።

እናቴ አንድ ቀን ዘገየን ብላ ነው መሰለኝ "በአመድ ላድርግልዎት? እኔ ነሐሱን በአመድና በሎሚ ሸር ሸር አድርጌ መስተዋት ነው የማስመስለው" ብላ ወርቁን አንስታ አመድ ውስጥ ልትነክረው ስትል፣ ጋሼ ወልዴ ከዱካው ላይ እንደ ልጅ ዘሎ ተነሳ። "ኧረ በማርያም! ቆዳውን ትገፍፊዋለሽ!" ደነገጠችና ሳቀች፣ እሱም ሳቀ። አባዬ ደግሞ ማታ "ለምን ወርቅ ቤት ወስደህ አታስቀልጠውም? በአንድ ሰዓት ያልቃል" አለው። ጋሼ ራሱን ነቀነቀ። "እሳት ካየ መልኩን ይረሳል። ከዚያ በኋላ የማንም ወርቅ ነው።"

እያጠብን ብዙ ያወራልኝ ነበር። ጉድጓዱ እንዴት እንደሚቆፈር፣ ጭቃው በሳፋ ሲዞር ወርቁ ለምን ከሥር እንደሚቀር፣ ሌሊት ዝንጀሮ ዳቦ እንዴት እንደሚሰርቅ። ዝንጀሮዎቹን በጣም ስለምወዳቸው ደግሜ ደጋግሜ አስወራው ነበር። "ይሄኛውን ግን መቼ ነው ያገኘኸው?" ስለው "በጋ ነበር" ይልና ሎሚ እንዳመጣ ይልከኛል።

እትዬ አስካለ በቀጥታ አታናግረውም፤ መልእክተኛዋ እኔ ነበርኩ። "ያ ሰውዬ ይሄን ይብላ" ብላ ሽሮ በትሪ ትልካለች። "ያ ሰውዬ ልብሱ ከዝናብ ይግባ።" ጋሼ ትሪውን ሲመልስ ሁልጊዜ አጥቦ ነው። አንድ ከሰዓት ግን እትዬ ልብስ እያጠበች ጠራችኝና ሳታየኝ "ለእናቴ ለቅሶ ለምን እንዳልመጣ ጠይቂው" አለችኝ። ሮጬ ጠየቅኩት። ጋሼ ብሩሹን አቆመ። "መልእክቱ አልደረሰኝም፤ ኔትወርክ አልነበረም በያት" አለ። ሮጬ ነገርኳት። "ኔትወርክ" አለችና ማሸቷን ቀጠለች፤ ነጠላው እስኪቀደድ ነበር የምታሸው። እኔ ኔትወርክ የጋሼ አሠሪ መሰለኝ፤ ቢኖር ኖሮ ፈቃድ ይሰጠው ነበር ብዬ ሰውዬውን ጠላሁት።

ነሐሴ ሲጋመስ ወደ ሎሚው ገባን። ጭማቂው ውስጥ ቁንጥር ጨው ጣል አድርገን ለብ ባለ ውሃ ላይ በስኒ እናስቀምጠዋለን፣ ማታ እናየዋለን። ቡናማው በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይለቃል። ላልተላቀቀው አቼቶ ጨመርን። የበረንዳው ሽታ ሰላጣ የሚሠራ ቤት አስመሰለን። አንድ ቀን ዝናቡ ጋብ ብሎ ጸሐይ ስትወጣ ጋሼ ከስኒው አወጣው፣ በንጹሕ ውሃ አለቀለቀው፣ ጋቢው ጫፍ ላይ አደረቀውና መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። አዲስ የተነጠረ ቅቤ ነው የሚመስለው። እንደ እናቴ ጉትቻ ዓይን አይወጋም፤ ጎርባጣው ሁሉ ብርሃን ይዞ ለስለስ ብሎ ያበራል። ጮህኩ። ጋሼ አፉን በመዳፉ ሸፍኖ አየው። ያን ያህል ቆንጆ ነገር በእጄ ይዤ አላውቅም ነበር፣ ደግሞ ያጠብኩት እኔ ነኝ።

እንዳያመልጠኝ ጨብጬ ወደ እትዬ ሮጥኩ። በዚህ ጊዜ በሩን ሙሉ ከፈተችው። ወርቁን ከመዳፌ አነሳች፣ ወደ ብርሃን አዞረች፣ ረጅም ጊዜ አየችው። ጋሼ ቧንቧው አጠገብ ቆሟል።

"የምድር ወርቅ ባለቤት አለው ይላሉ" አለች በመጨረሻ፣ አሁንም ለእኔ። "ምን ይዞ እንደመጣ አይታወቅም። ጠበል ሳይነካው ቤቴ አይገባም።"

ጋሼ ያን ቀን ጺሙን ተላጨ። እናቴም "ካልቆረጠላት ጠበል አትልም ነበር፤ ሊገባ ነው ማለት ነው" ብላ በሹክሹክታ ለአባዬ ስትነግረው ሰማሁ። እኔ ደግሞ ፍራሹ ከሳሎን ሲነሳ እዚያ ቦታ ላይ ገመድ ልዘል አሰብኩ።

ጠበሉ ሩቅ አልነበረም፤ ጳጉሜ ገብቷል። የሩፋኤል ዕለት የሚዘንበው ሁሉ ጠበል ነውና እኛ ልጆች በካልሲ እንኳ ሳንቀር ራቁታችንን ግቢው ውስጥ ስንጨፍር፣ እትዬ አስካለ በየዓመቱ የሩፋኤልን ውሃ የምታጠራቅምበትን የወተት ዱቄት ጣሳ ከቆርቆሮው ጠርዝ ሥር አስቀመጠች። ጣሳዋ የእማማ ብርቄ ነበረች፤ አርጅታለች፣ ግን እትዬ በሌላ ዕቃ አትቀበልም። ሞላች። ጋሼ ወርቁን ሰጣት፣ በእጁ በእጇ፤ እሷም አማትባ ጠብ አደረገችው። ክዳኑን ገጥማ ከሥዕሉ አጠገብ መደርደሪያ ላይ አኖረችው። "ለእንቁጣጣሽ ይወጣል" አለች። ይህንን ያለችው ለእሱ ነው። በክረምቱ ለመጀመሪያ ጊዜ እሱን አናገረችው።

በእንቁጣጣሽ ጠዋት ሁላችንም እሷ ቤት ነበርን። ቄጠማ ተጎዝጉዟል፣ ጋሼ ከቤተክርስቲያን የተመለሰበትን ነጭ ነጠላ እንደለበሰ በር ላይ ቆሟል፤ ገና ግባ አልተባለም። እኔ አበባየሆሽ ከመሄዴ በፊት ወርቁን ልይ ብዬ ሙጭጭ ብያለሁ። እትዬ ጣሳዋን አወረደች፣ ክዳኑን ከፈተች፣ ውሃውን በነጭ ሳህን ገለበጠችው።

ውሃው የሻይ ቀለም ነበረው። ወርቁ ሳህኑ ውስጥ ተንከባሎ ቆመ። ቡናማ ሆኗል። መጀመሪያ ከመጣበት ቀን የባሰ ቡናማ።

እናቴ አማተበች። እትዬ አስካለ ወንበር ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠችና ወርቁን አንስታ ወደ በሩ አሳየችው።

"አየህ ወልዴ? ጠበሉ አወጣው።"

እኔ ጣሳዋን አንስቼ ወደ ውስጥ አየሁ። ክረምቱን ሙሉ ዝገት ስፈትግ ከርሜ ዝገት ሊጠፋኝ ነው? የጣሳዋ ሥር ተላልጦ ቀይ ዱቄት ሆኗል፤ ወርቁ የተኛው እዚያ ላይ ነው። "ጋሼ! ጣሳው እኮ ነው! የጣሳው ዝገት ነው፣ በሎሚ ይለቃል..." እያልኩ ወደ እሱ ሮጥኩ። ዘሎ ያስረዳታል፣ ይሳሳቃሉ ብዬ ነበር። ጋሼ እጁን ራሴ ላይ አኖረ።

"ተይ ልጄ" አለኝ። ከዚያ እሷን ብቻ እያየ ተናገረ። "እማማ ባረፉበት ሳምንት ነው ያገኘሁት፣ አስኩ። መልእክቱ ደርሶኛል። ኔትወርክ የሚገኝበት ጉብታ ላይ ስወጣ ስልኬ ጮኸ። ጉድጓዱ ደግሞ ያን ሰሞን መስጠት ጀምሮ ነበር። ነገ እሄዳለሁ፣ ከነገ ወዲያ እሄዳለሁ ስል ቀብሩም ሠልስቱም አለፈ። ከዚያ በኋላ በምን ፊቴ ልምጣ? ይሄን ካሳየኋት ስለሌላው አትጠይቀኝም አልኩ። ዋሽቼሻለሁ።"

እትዬ ወርቁን ጨበጠችው። "እናቴ ነፍሷ እስኪወጣ በር በር እያየች ነበር" አለች። "ልጄ መጣ ወይ ትለኛለች። እኔ፣ መኪና ላይ ነው፣ እየመጣ ነው እላታለሁ። ለቅሶ እንኳ አልደረስከኝም።"

ጋሼ ዞረ፣ ግቢውን አቋረጠ፣ የውጭውን በር ከፍቶ ወጣ፣ ዘጋው። ሄደ አልኩ። ወደ ዲማ፣ ወደ ዝንጀሮዎቹ፣ ተመልሶ ሄደ። እያለቀስኩ ተከተልኩት። በሩን ስከፍት ግን ጋሼ እዚያው አጥሩ ሥር ቆሟል። ነጠላውን ከትከሻው አውርዶ እንደ ሐዘንተኛ ዘቅዝቆ እየለበሰ ነው። አየኝ፣ ግን ያየኝ አልመሰለኝም። በአጠገቤ አልፎ፣ ከሩቅ አገር አሁን ገና መርዶ እንደደረሰው ሰው፣ ከበሩ ጀምሮ እየጮኸ ገባ።

"እማማ! እማማ ብርቄ! ልጅሽ ሳይቀብርሽ! ወይኔ እናቴ!"

እናቴ "ኧረ ጋሼ፣ በዓል ነው! በዓመት መባቻ!" ብላ ልትይዘው ወጣች። እትዬ አስካለ ግን ከወንበሯ ተነስታ ቄጠማው ላይ መሬት ተቀምጣ ነበር። የበዓል ነጠላዋን ዘቀዘቀችው። ጋሼ ደፉን አልፎ ገባና ፊቷ ተንበረከከ፤ ግባ ያለው የለም፣ ለቅሶ የሚደርስ ሰው ግባ አይባልም። "አሁን መጣህ?" አለችው። "አሁን መጣህ ወልዴ?" ከዚያ ለቅሶዋን ለቀቀችው። እትዬ ስታለቅስ አይቼ አላውቅም ነበር፤ በዚያ ለቅሶ ሁሉ ንፍሮ የምታድለው፣ ሰው የምታጽናናው እሷ ነበረች። ወርቁን እንደጨበጠች በዚያው እጇ ደረቷን ትመታለች።

ጩኸቱን የሰማ ጎረቤት በበዓል ልብሱ እየሮጠ ግቢያችንን ሞላው። አበባየሆሽ የሚሉ ልጆች አበባቸውን ይዘው በር ላይ ቀጥ አሉ። ከሁሉ ቀድመው የገቡት የጎረቤታችን እማማ ጥሩ ናቸው፤ ትንፋሻቸው ተቆራርጦ ግድግዳውን ተደግፈው "ምነው? ማነው? ማን አረፈ?" አሉ።

"እናቴ" አለች እትዬ አስካለ። "እናቴ ሞታ ነው።"

እማማ ብርቄን ያን ጊዜ በእጃቸው የገነዙት እማማ ጥሩ ነበሩ። እትዬን አዩዋት፣ የተንበረከከውን ጋሼን አዩት። ከዚያ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ከእሷ አጠገብ መሬት ተቀመጡና እንደ አዲስ ማልቀስ ጀመሩ።